የጓዳ መድኀኒትና የልጆቻችን ፊት

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ታላቅ ነገር አይደለም፤ ስለ ብጉር ነው። ብጉር ሰውን አይገድልም፤ ወደ ሐኪም ቤት ቢኬድም ከሌላው ሕመም ሁሉ በኋላ ተራ የሚሰጠው ነው። ሆኖም በመስተዋት ፊት ቆማ የምታለቅስ ሴት ልጅ ያለቻችሁ እናቶች፥ ወይም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ድረስ የሚደፋ ወንድ ልጅ ያላችሁ አባቶች፥ ነገሩ በቤት ውስጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። እኔ በመጀመሪያ እንደ ልጅ፥ በኋላም እንደ እናት ሁለት ጊዜ ስላየሁት፥ የተማርሁትን ሳልደብቅ ልነግራችሁ ወደድሁ።

የተወለድሁት በላስታ፥ ከይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለች መንደር ነው። አገሩን ላላያችሁት ጥቂት ልናገር። ቤተ ክርስቲያኑ ከላሊበላ ከተማ በመኪና መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጐን፥ በታላቅ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። ያሠራው ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድሞ በ12ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የዛጔው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት የተፈለፈለ አይደለም፤ በአክሱም ሥርዐት እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ የተገነባ፥ በነጭ ልስንም የተዋበ ሕንጻ ነው። በዙሪያው የጥድ ደን አለ። ከሕንጻው በስተጀርባ፥ በዋሻው ውስጠኛ ክፍል፥ በጥንት ዘመን በዚያ ያረፉ የብዙ ሰዎች ዐፅም ተኝቶ ይታያል። ክብረ በዓሉ በየዓመቱ ጥቅምት 19 ቀን ይውላል፤ የአገሩም ሰው ያን ቀን ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቀው ይከርማል።

በ1988 ዓ.ም. ጥቅምት ሲገባ ዕድሜዬ ዐሥራ አምስት ዓመት ነበረ። ግንባሬና ሁለቱ ጕንጮቼ በብጉር ተሞልተው ነበር። የጐረቤት ሴቶች ከምንጩ ዘንድ ሲያገኙኝ፥ «ለአቅመ ሔዋን ደረሰች መሰለኝ፤ እንግዲህ ባል ይፈለግላት» እያሉ ይሥቁ ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እነርሱም በልጅነታቸው ይኸው ተብሎባቸዋል። እኔ ግን ውኃ የምቀዳበትን ሰዓት ለወጥሁ፤ ሰው ሳይነሣ ገና በጎሕ እወርድ ጀመር። ነጠላዬንም እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ መሄድን ለመድሁ።

መድኀኒት የሚነግረኝ ሰው አላጣሁም። አንዷ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠሽ ለጥፊበት አለችኝ። ሁለተኛዋ ሎሚ በጨው ይሻላል አለች። ሦስተኛዋ ማር፥ አራተኛዋ እርድ አዘዘችልኝ። ሁሉም ከጓዳ የሚገኝና ገንዘብ የማያስወጣ ስለ ሆነ፥ ጕዳት ይኖረዋል ብዬ አላሰብሁም። እምዬ እያልን የምንጠራቸው አያቴ ብቻ ምንም አላዘዙልኝም። አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጬ ፊቴን ስነካካ አይተው፥ «ልጄ፥ በዋሻው የተኙትን አይተሻቸዋል፤ እነርሱም ሁሉ አንድ ጊዜ ፊት ነበራቸው» አሉኝ። ቃላቸው እውነት ነበረ። የዐሥራ አምስት ዓመትን ልጅ ግን እንዲህ ያለ እውነት አያጽናናትም፤ እኔም ሳልመልስላቸው ተነሥቼ ወጣሁ።

እምዬ ዐይናቸው ደክሞ ስለ ነበረ፥ ለንግሡ ሲሄዱ በጥዱ ደን መካከል ያለውን ዳገት የሚወጡት የእኔን ትከሻ ተደግፈው ነበር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ይህ የእኔ ሥራ ነበረ። በዚያ ዓመትም ከእርሳቸው ጋር ለመሄድ ፈለግሁ፤ ነገር ግን ከየአጥቢያው በሚሰበሰበው ሕዝብ ፊት እንዲህ ያለ ፊት ይዤ መቆም አልሆንልህ አለኝ። ስለዚህ ጥቅምት 17 ቀን ማታ፥ ቤተ ሰቡ ከተኛ በኋላ፥ ወደ ጓዳ ገብቼ አባቴ ከላሊበላ ገበያ ያመጣውን ሎሚ ጨመቅሁ፤ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ለወስሁበትና ግንባሬንና ጕንጮቼን ቀባሁት፤ በጨርቅም አሥሬ ተኛሁ። ሲያቃጥለኝ፥ «እንግዲህ መድኀኒቱ መሥራቱ ነው» ብዬ ታገሥሁ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ብዙ ሰዎች ይህንኑ ቃል ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ በዚህ ነገር ውስጥ ካሉት ስሕተቶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በማግስቱ ፊቴን ታጥቤ የገብሱን ማሳ ስጠብቅ በጥቅምት ፀሓይ ዋልሁ። ማታ ጕንጮቼ ቀልተው አበጡ፤ ሽንኩርቱ በወፈረበት ስፍራ ውኃ ቋጠረ። በ19 ንጋት እምዬ ነጭ ለብሰው፥ ምርኩዛቸውን ይዘው በደጃፍ ቆመው ጠሩኝ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፥ «እምዬ፥ አሞኛል፤ እርስዎ ይሂዱ» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያም የጐረቤታችንን ልጅ አስጠርተው ከእርሱ ጋር ሄዱ። ማታ ሲመለሱ ከዝክሩ ዳቦ ቍራሽ በመቀነታቸው ቋጥረው አመጡልኝ። ምን አድርገሽ ነው ብለው አልጠየቁኝም። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ዐረፉ። ስለዚህ ያ ጥቅምት 19 የመጨረሻቸው ነበረ፤ እኔም አልነበርሁበትም። በጕንጬ ላይ የቀረው ጠባሳ ዛሬ ብዙም አይታይም፤ ያን ቀን ግን የሚመልስልኝ የለም።

ከበዓሉ በኋላ አባቴ ቍስሉን አይቶ ደነገጠና በእግር ወደ ላሊበላ ወሰደኝ። በጤና ጣቢያው ያገኘነው ጤና ረዳት በዕድሜ የገፋ፥ ዝግ ያለ ሰው ነበረ። በመጀመሪያ ያደረግሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አስቈጠረኝ፤ አልሣቀብኝም። ከዚያ ሻሼን ከፍ አድርጎ ግንባሬን በጣቱ ዳሰሰ፤ ጣቱንም እያሻሸ ለአባቴ አሳየው። «ይህ ምንድን ነው?» አለ። ቅቤ ነበረ።

እናቴ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠጕሬን ሹሩባ ሠርታ ለጋ ቅቤ በዐናቴ ላይ ታኖርልኝ ነበር። ፀሓይ ሲመታው ቀልጦ በግንባሬና በጆሮ ግንዴ ላይ ይወርዳል፤ ሻሹም በላዩ ይታሠራል። በአገራችን እናት ለልጇ ፍቅሯን ከምትገልጽባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ስለዚህ ጤና ረዳቱ ነገሩን በጥንቃቄ ተናገረ። «ቅቤውን ለሁለት ወር አቁሙ፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን ከጫፉ በቀር አትቀቧት። ግንባሯን ጧትና ማታ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ትታጠብ። እጇን ከፊቷ ታንሣ። ለቃጠሎው ቅባት እሰጣታለሁ፤ ለብጉሩ ግን ዛሬ ከዚህ የሚበልጥ የምሰጣት የለኝም» አለ። እኛም መድኀኒት ፈልገን መጥተን ምክር ብቻ ይዘን በመመለሳችን ቅር አለን። ሆኖም የታኅሣሥ ገብርኤል ሲደርስ ግንባሬ ጠርቶ ነበር። የጕንጬ ብጉር ግን ሁለት ዓመት ያህል ቆየ፤ ቃጠሎው የተወው ጥቁር ምልክትም ከዓመት በላይ አብሮኝ ኖረ።

ከዚያ በኋላ ትምህርቴን በከተማ ስቀጥል፥ ይህ ሁሉ ለምን እንደ ሆነ ከመጻሕፍትና ከሐኪሞች ለመረዳት ሞከርሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። በቆዳችን ላይ ጠጕር የሚበቅልባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ በየቀዳዳዎቹም ሥር ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች ይገኛሉ። ወዙ ቆዳችንን የሚያለሰልስ ስለ ሆነ የሚጠላ አይደለም። ልጅ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሲደርስ ግን ሆርሞን የሚባለው የሰውነት ንጥረ ነገር ዕጢዎቹን ስለሚያነቃቃቸው ወዙ ይበዛል። የሞተው የቆዳ ቅርፊት ከወዙ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ በማንኛውም ሰው ቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ ሰውነትም ሲከላከል ቆዳው ይቀላል፥ ያብጣል፥ መግልም ይይዛል። ብጉር የምንለው ይህ ነው። በብዙ አገሮች በወጣትነት ዘመን ከመቶው ሰማንያ አምስት ያህሉ በመጠኑም ቢሆን ያገኘዋል ተብሎ ይገመታል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው ብጉር ከቆሻሻ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። በአፍንጫ ላይ የምናየው ጥቁር ነጥብ እንኳ ያልታጠበ እድፍ አይደለም፤ በቀዳዳው የተደፈነው ወዝና የቆዳ ቅርፊት ጠቍሮ የሚታይ ነው። ስለዚህ ልጅን «ፊትሽን በደንብ ስለማትታጠቢ ነው» ብሎ መገሠጽ ውሸት ከመሆኑም በላይ፥ ፊቷን እየፈተገች እንድታቈስለው ያደርጋታል። ሁለተኛው፥ የብጉር ሥር ከቆዳው በታች ስለ ሆነ በላዩ የሚያቃጥል ነገር ብናፈስበት ሥሩን ሳናገኘው ገላውን እንጎዳለን።

የቅቤውም ነገር በሳይንስ የታወቀ ሆኖ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የሚኖሩ የቆዳ ሐኪሞች፥ ጠጕራቸውን በቅባት የሚያበጁ ጥቁር አሜሪካውያን በግንባራቸውና በጆሮ ግንዳቸው አጠገብ ብጉር እንደሚያወጡ ጽፈው፥ ይህን ዐይነት ብጉር በጠጕር ቅባት ስም ጠርተውታል። ቅባቱ ከጠጕር ወደ ግንባር እየወረደ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ነው። ያ የላሊበላ ጤና ረዳት ጽሑፉን አንብቦት እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም፤ በጣቱ ግን ያንኑ አገኘው። ቅቤ መቀባት ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ለራስ ቆዳና ለጠጕር ልስላሴ ይረዳል። ብጉር ያለባት ልጅ ግን ከጠጕሯ ጫፍ እንዳያልፍ፥ ወደ ግንባሯም ሲወርድ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋ ወዲያው እንድትታጠብ እመክራለሁ። በሻሽ ሥር የሚታመቀውን የሱቅ ቅባትም ይህ ይመለከተዋል።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባና ልጆቻችን በፊታቸው የሚቀቡትን አንድ በአንድ እንመልከት። ሎሚ በጣም ጐምዛዛ ነው። በኬሚስትሪ መለኪያ የቆዳችን አሲድነት 5 አካባቢ ሲሆን የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ ነው፤ በዚህ መለኪያ አንዱ ቍጥር ከሚቀጥለው ዐሥር እጥፍ ስለሚርቅ፥ ሎሚው ከቆዳችን አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይበረታል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሓይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ሊጠቍር ይችላል። የፀሓይ ጨረር ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቍጥር፥ በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይበረታል፤ እንግዲህ እንደ ላስታ ባለ ደጋ አገር ሎሚ ተቀብቶ ሜዳ መዋል ምን እንደሚያደርግ የእኔ ጕንጭ ምስክር ነው። ነጭ ሽንኩርትም በወጥ ውስጥ ሲበስል መልካም ቢሆንም፥ ጥሬው ተወቅጦ በቆዳ ላይ ሲታሠር እንደ እሳት ያቈስላል፤ ሐኪሞችም እንዲህ የተቃጠሉ ሰዎችን አክመዋል። ጨው ያደርቃል፥ ሲፈትጉትም ይቧጥጣል። ቤኪንግ ሶዳና የጥርስ ሳሙና የቆዳን የተፈጥሮ መከላከያ ያናጋሉ። እንዶድ ለልብስ እንጂ ለፊት አይደለም።

ማርን ለይቼ ልናገር፤ የላስታ ሰው ስለ ማር ክፉ ሲነገር አይወድምና። የላሊበላ ስም እንኳ ከንብ ጋር የተያያዘ ነው፤ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበውት እናቱ «ንቦች ንጉሥነቱን ዐወቁ» ብላ ስም አወጣችለት ይባላል። ማር ረቂቅ ተሕዋስያንን የመከላከል ኀይል እንዳለው የታወቀ ነው፤ ለዚሁ ተብሎ የተጣራ ማርም ለቍስል ሕክምና ይውላል። ብጉርን ግን ያድናልን? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የኒው ዚላንድ ጥናት ይህን መርምሮታል። 136 ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው፥ አንደኛው ወገን ፊቱን በሳሙና ታጥቦ ካኑካ ከተባለ ዛፍ አበባ የተገኘ ማር ለ12 ሳምንት ሲቀባ፥ ሁለተኛው ወገን በሳሙናው ብቻ ታጠበ። ማሩ ከሳሙናው ብቻ ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ ማር እንደ ሎሚ ባይጎዳም፥ መድኀኒት ነው ብሎ ተስፋ ማድረግ ጊዜን ማባከን ነው። በዳቦ ቢበላ ይሻላል።

እርድ ቆዳን ቢጫ ያደርጋል፤ ከገበያ የተገዛ የተፈጨ እርድ ደግሞ ከምን እንደ ተደባለቀ አይታወቅም። እሬትም ሁለት ነገር አለው፤ ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ቆዳን ሊያሳክክ ይችላል፤ ውስጡ ያለው ንጹሕ ዝልግልግ ግን የተቈጣ ቆዳን ያቀዘቅዛል። እርሱንም ቢሆን አስቀድሞ በክንድ ላይ ሞክሮ አንድ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ ከጓዳችን ተፈልጎ ያለ ጥርጥር የሚጠቅም ሆኖ የተገኘው ለብ ያለ ውኃ ብቻ ነው።

ስለ ምግብም ብዙ ይባላል። በርበሬ ብጉር ያመጣል የሚለውን ልማድ የሚደግፍ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ስኳር የበዛበት መጠጥና ጣፋጭ ሲበዛ፥ በአንዳንድ ሰዎችም ወተት፥ ብጉርን እንደሚያባብስ የሚያመለክቱ ጥናቶች ግን አሉ። ልጅን ምግብ መከልከል አይገባም፤ ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ መቀነስ ግን ለጥርሷም ይበጃታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለምን? ቀላል ብጉር ገና ሳይብስ መታከም አለበት። ዛሬ በመድኀኒት ቤት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል ቅባት ይገኛል፤ ባክቴሪያውን የሚቀንስና ቀዳዳውን ለመክፈት የሚረዳ ነው። ከመቶ ሁለት ተኩል የሆነው ከመቶ ዐሥሩ ባልተናነሰ ይሠራል፤ የሚያቃጥለውም ያነሰ ነው። በዚህም «ያቃጠለ ሁሉ አዳነ» የሚለው ሐሳብ ሐሰት መሆኑ ይገለጣል። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቃችሁ፤ የልብስ ቀለም ስለሚያለቅቅ የነጠላችሁን ጥለት ጠብቁ። አዳፓሊንና ትሬቲኖይን የሚባሉ፥ የቀዳዳውን መደፈን የሚከላከሉ ቅባቶችም አሉ፤ እነዚህ ማታ የሚቀቡ ሲሆኑ ለነፍሰ ጡር አይሰጡም። ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የየትኛውም መድኀኒት ጥቅም የሚታየው ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቈርጠው ወደ ሎሚው ይመለሳሉ።

ብጉሩ እንደ ዕባጭ ጠንካራና የሚያም ከሆነ፥ ጠባሳ መተው ከጀመረ፥ ወይም ልጅቷ ከሰው መራቅና ማዘን ካበዛች፥ ነገሩ ከቤት ወጥቶ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። በወሎ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምናው የታወቀ ነው። በአዲስ አበባም በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው አለርት ዛሬ ልዩ ልዩ የቆዳ ሕመሞችን ያክማል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ቢኖር፥ ጸሎቱና መድኀኒቱ አይጣሉምና አንዱን ስለ ሌላው አይተው።

ከሎሚና ከሽንኩርት ይልቅ ዛሬ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን ያለባቸው ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ተገዝተው ለፊት ማጥሪያና ማቅያ ሲውሉ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቱ ይለሰልሳል፥ ብጉሩም የጠፋ ይመስላል። ቈይቶ ግን ቆዳው ይሳሳል፥ የደም ሥሩ ይታያል፥ ብጉሩም ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል፤ ቅባቱ ሲቋረጥም ፊቱ ይቈጣል። እናቶች ሆይ፥ በልጆቻችሁ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ቅባት ብታገኙ፥ ሳትቈጡ ወደ ሐኪም ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሰው በድንገት ማቆሙም ችግር ስላለው ምክር ያስፈልገዋልና።

በመጨረሻ የልጄን ነገር ልንገራችሁ። በ2012 ዓ.ም. በላሊበላ ከተማ እንኖር ነበር፤ እርስዋም ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበረ። በጥቅምት 17 ማታ ወደ ጓዳ ብገባ፥ ስልኳን በጣሳ ላይ አስደግፋ፥ ሎሚ በቤኪንግ ሶዳ ስትለውስ አገኘኋት። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ እኔ የጐረቤት ሴቶችን ሰምቼ ነበር፥ እርስዋ ደግሞ ከባሕር ማዶ የምትናገር ሴት ስልኳ ላይ ሰምታለች፤ ሎሚው ግን ያው ሎሚ ነበረ። ጮኼ እጇን ልመታት ዳዳኝ። ግን የእምዬ ዝምታ ትዝ አለኝ።

«ለማን ብለሽ ነው?» አልኋት።

«ከነገ ወዲያ ንግሥ አይደለም ወይ፥ እማዬ? ሁሉም ይመጣሉ። ይህን ፊቴን ይዤ አልሄድም» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀምጬ ከላይ የጻፍሁላችሁን ሁሉ ነገርኋት፤ ዐይናቸው የደከመ አሮጊት በደጃፍ ቆመው የጠሩኝን ጥዋት ጭምር። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፥ «ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ብጉሯን ለስድስት ወር እያየሁ፥ ዕድሜ ያመጣው ነው፥ ዕድሜ ይወስደዋል ብዬ ዝም ብዬ ነበር። ዝም ያልሁት ላላሳፍራት ነበረ፤ እርስዋ ግን ዝምታዬን መጸየፍ አድርጋ ወስዳው ኖሯል። ልጆቻችን ስለ ፊታቸው የምንለውን ብቻ ሳይሆን የማንለውንም ይሰማሉ።

ሎሚውን በማግስቱ ለሰላጣ አዋልነው። በ19 ሌሊት ተነሥተን ሄድን፤ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ በነጠላዋ ላይ አደረግሁላት፤ ፊቷንም አልተከናነበችም። በጥዱ ደን ዳገቱን ስንወጣ፥ ማንም ሳይነግራት እጇን ወደ እኔ ዘረጋችና ትከሻዋን እንድደገፍ አደረገች። ከቅዳሴ በኋላ በዋሻው ውስጥ ያሉትን ዐፅሞች አይታ፥ «ሴት አያትሽ ያሉት ይህን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎን አልኋት። «እውነታቸውን ነው፤ ግን ደግሞ ቅቤውን ማስቀረት ነበረባቸው» አለችኝ። በዚያ በተቀደሰ ቦታ ሣቄን ለመያዝ ተቸገርሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከመድኀኒት ቤት ከመቶ ሁለት ተኩሉን ቅባት ገዛን። በሦስተኛው ሳምንት ቆዳዋ ደርቆ ልትተወው ነበር፤ ቀን በቀን እያፈራረቅን እንድትቀባው አደረግን። ጥምቀት አልፎ የካቲት ሲገባ ከብጉሯ አብዛኛው ጠፋ፤ ጥቂቱ ዛሬም በፈተና ሰሞን ይመለሳል። እርስዋም ያን ጊዜ ያለ ሎሚ ታልፈዋለች።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎች፥ በቤታችሁ ብጉር የያዛት ልጅ ብትኖር፥ በጓዳችሁ ምን እንዳለ ከመፈለጋችሁ በፊት በፊቷና በጠጕሯ ላይ ምን እንዳለ ተመልከቱ፤ የሚጎዳውን አስቀሩላት። የሚያቃጥለውን አትመኑ። መድኀኒቱን ስትገዙላት ቀኑን በወረቀት ጻፉና እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት አብራችሁ ቍጠሩ። በሰው ፊት ስለ ብጉሯ አትቀልዱ፤ ሌላው ሲቀልድም ዝም አትበሉ። የክብረ በዓል ጥዋትም፥ ፊቷ ምንም ይሁን ምን፥ አብራችሁ ይዛችኋት ውጡ።